ክንዷን ያልቀባች ዕለት

እሬት የሚሏት ለምላሷ ነው። ለሥራዋም ይሆናል፤ ለችፌ የሚሆን ቅባት ከእሬት፣ ከአጃና ከሱፍ ዘይት ትቀምማለች። ደንበኛ ፊት ሁልጊዜ አስቀድማ የራሷን ክንድ ትቀባለች። «እኔን ካላሳከከኝ አንቺን አይነካሽም» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም።

የዛሬዋ ደንበኛ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ከሰባት ዓመት በፊት «የእሬት ቅባት የሕፃን ፊት አቃጠለ» ብላ ሰፈሩን ያዳረሰች እሷው ናት። የተቃጠለ ሕፃን አልነበረም። ወሬ ግን ምስክር አይጠራም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የእሬትን ደጅ የረገጠ ሰው ጠፋ።

አሁን የሰፊዋ እጅ በችፌ ተሰነጣጥቋል። ትናንት የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ደሟ ነጩን ጨርቅ አበላሸው።

«እትዬ፣ ሐኪሙም አቃተው። እጄ ከሄደ ምን በልቼ አድራለሁ?»

«ምነው፣ የኔ ቅባት ፊት ያቃጥል አልነበር?»

ሰፊዋ የተሰነጣጠቀ እጇን ዘረጋችላት።

የእሬት ልጅ ከጓዳው ደጃፍ ሆና ታያለች። ከኋላዋ የአምስት ወር ሕፃኗ ችፌ የወጣበትን ጉንጯን እየፈተገች ትነጫነጫለች። እናቷ ፈገግ ስትል ልጇ ደነገጠች። እናቷ ለጠላት ጥርሷን አታሳይም።

እሬት የቅባቱን ማሰሮ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ጣቷን ሳታስነካ፣ በእንጨት ማንኪያ ብልቃጥ ሞላችላት።

«ስንት ልክፈልዎ?»

«ላንቺ በነጻ።»

«ክንድዎን… አይቀቡም እንዴ?»

«ዛሬስ ይቅርብኝ።»

ሰፊዋ ብልቃጡን እንደ ጊንጥ በሁለት ጣቷ ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ ምን ጨመርሽበት?»

«የሰባት ዓመት ነገር።»

«ሰው ናት እኮ! ሮጬ ልንገራት!»

«ቁጭ በይ አንቺ። ይልቅ በመስኮት እዪልኝ፣ ምን እያደረገች ነው?»

ሰፊዋ ከመንገዱ ጥግ ቆማ ግራ ቀኙን አየች። ብልቃጡን ቦዩ ውስጥ ወረወረችና እጇን እያከከች ሄደች።

«ጣለችው! ተመስገን!»

«አውቃታለሁ። ውሸታም ማንን ያምናል? እንግዲህ አጥንቷ እስኪታይ ትከክ።»

የእሬት ልጅ በማሰሮው የቀረውን ልትደፋ ብድግ ስታደርገው ሕፃኗ አለቀሰች።

እሬት ማሰሮውን ነጥቃ በጣቷ ዛቀች፤ መጀመሪያ የራሷን ክንድ፣ ከዚያ የልጅ ልጇን ጉንጭ ቀባች።