ጠርዙ እኩል የሆነው አልበም

“እማዬ፣ ይሄኛው ማነው? ለእንግዶቹ ንገሪያቸው እስቲ።”

እናት ጣታቸውን በፎቶው ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርገው አስኬዱ...

“ልጄ ነው” አሉ።



ፎቶው የራሳቸው የሰርግ ፎቶ ነበር። አጠገባቸው የቆመው ሙሽራ፣ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ባላቸው።

ልጅየው እንደማፈር ብሎ ገጹን ገለጠ። “ይሄስ?”

እንደገና ጣት... እንደገና ጠርዝ...

“ይሄም ልጄ ነው።”

እህታቸው ነበረች፤ ጃንጥላ ይዛ።

በሦስተኛው ገጽ ላይ የጎረቤት ውሻ በር ላይ ተጋድሟል።

“እሱም ልጄ ነው” አሉ እናት። ከዚያ ግራ እንደገባቸው ፈገግ ብለው፣ “ዛሬስ ልጄ በዛብኝ” አሉ።

አንድ እንግዳ ሳቁ አመለጠው። አንዱ ከሳቀ ማን ይቀራል... ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ምራትየው ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ “አላልኩህም? አእምሮዋ ሄዷል” አለችው።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው...

ልጅየው ኮንትራክተር ነው። ሠራተኞቹ ከጀርባው “ውሃ ልክ” ይሉታል። የዘመመ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የሰው ቤት ገብቶ የተንጋደደ ስዕል የሚያቃና ዓይነት ሰው ነው።

እናቱን በዓመት ሁለቴ ይጠይቃል። የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ።

ለሰማንያኛ ልደታቸው ምን ልስጥ ብሎ ሲያስብ፣ አልጋቸው ሥር ያለው የጫማ ካርቶን ትዝ አለው። የሃምሳ ዓመት የቤተሰብ ፎቶ... የደበዘዘ፣ የተጣጠፈ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ።

እናት ካርቶናቸውን እንዲተውላቸው ለመኑት። እንዲሁ እንዳለ እንደሚሻላቸው ነገሩት።

አልሰማቸውም፤ ካርቶኑን ወስዶ ለፎቶ ቤት ሰጠ። ስጦታ ነዋ... ስጦታ ደግሞ ተቀባዩን አይጠይቅም።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሥራውን የሚወድ ሽማግሌ ነበር። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስካን ሲያደርግ አንድ ነገር አየ። የአብዛኞቹ ጠርዝ በመቀስ ተቀዷል። አንዳንዱ አንድ ቦታ፣ አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ ሦስት፣ አንዳንዱ አራት።

ለልጅየው ደወለለት።

“አይጥ ነው” አለው ውሃ ልክ።

“አይጥ ቆጥሮ አይቆርጥም፣ ጌታዬ።”

ውሃ ልክ ሥራ ላይ ነበር፤ ጊዜ አልነበረውም። ሁሉንም በኮምፒውተር አጽድቶ፣ ጠርዙን እኩል አድርጎ፣ በአንድ መጠን እንዲያትመው ነገረው። አሮጌዎቹስ ሲባል... ቤት ከማጣበብ ሌላ ምን ጥቅም አላቸው፣ አቃጥላቸው አለ።

ሽማግሌው አቃጠላቸው።

እንግዲህ በልደቱ ቀን እናት ጭን ላይ የተቀመጠው ያ አልበም ነው። ወፍራም ሽፋን፣ በየገጹ አንድ ፎቶ፣ ሁሉም በውሃ ልክ የተለካ።

በማግስቱ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ባሏን ከውሻ መለየት ያቃታት ሴት ብቻዋን መኖር የለባትም ተባለ። እናት “ከቤቴ አታውጡኝ” አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት፤ የሚሰማቸው እንደሌለ ገባቸው።

በሳምንቱ አረጋውያን መኖሪያ አስገቧቸው።

እዚያ ያለችው ነርስ ነገሩን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም... ልጅየው ስልክ እስኪያነሳ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

ያነሳው የእናቱ ቤት ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ነው። ግድግዳው ድሮም ዘሞ ነበር፤ ፎቅ ሊሠራበት ነው።

“የእናትዎ አእምሮ ከእኔም ከእርስዎም የጸና ነው” አለችው። “የጠፋው ዓይናቸው ነው። ማየት ካቆሙ ስንት ዓመት ሆናቸው?”

ልጅየው ማየት ማቆማቸውንም አላወቀም ነበር።

ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ቤት ግን ከአልጋ እስከ በር አሥራ አራት እርምጃ፣ ከበር እስከ ምድጃ ዘጠኝ... ሁሉን በልባቸው ያውቁት ነበር። ማን ይጠረጥራል? ሞተር ሳያጠፋ የሚመጣ ልጅ?

ሄደ። እናት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። አልበሙ ጭናቸው ላይ ተዘግቷል።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንዳታስወጣኝ ነዋ” አሉት።

ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱት። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር መቀስ አነሱ። አንድ ቅድ ለባላቸው። ሁለት ለእህታቸው። ሦስት ለሌሎቹ ዘመዶች። ለውሻው ሳይቀር አራት። ጨለማው ሲመጣ ሰዎቻቸውን በጣታቸው እንዳያጧቸው።

“ያንተ ላይ ግን መቀስ አላሳረፍኩም” አሉ።

“ለምን?”

“አንተ አለህ ብዬ። ፊትህን እዳስሳለሁ ብዬ። ጠርዙ ያልተነካ ሁሉ አንተ ነበርክ።”

ውሃ ልክ ያኔ ገባው... ያን ቀን እንግዶቹ ሲስቁ የእናቱ አእምሮ አልሳተም ነበር። እናቱ አንድም ስህተት አልተናገሩም። ባላቸውን፣ እህታቸውን፣ ውሻውን ሳይቀር አጥፍቶ፣ ሁሉንም እሱን ያደረጋቸው ራሱ ነው።

ተንበርክኮ የእናቱን እጅ ጉንጩ ላይ አደረገ።

የእናቱ ጣቶች ግንባሩ ላይ ሄዱ... አፍንጫውን... አገጩ ሥር የተጠራቀመውን ሥጋ... ቆሙ።

“ድምፅህ የልጄ ነው” አሉ እናት። “ይሄ ፊት ግን የማነው?”

“የእኔ ነው፣ እማዬ። የልጅሽ ነው።”

እጃቸውን ሰበሰቡ።

“አልበሙም እንደዚያ ብሎኝ ነበር።”

...

ወዳጆቼ፣ የወላጆቻችንን ነገር ዘመመ ብለን ከማቅናታችን በፊት፣ ለምን እንደዘመመ እንጠይቅ። አንዳንዱ ቅድ ጉድለት አይደለም፤ ሰው የሚይዘው እጀታ ነው። ደግሞ “እሱማ አለ” ተብሎ ምልክት ያልተደረገበት ሰው፣ ካልመጣ ከሁሉም በፊት የሚጠፋው እሱ ነው።

እስቲ እውነቱን እናውራ... እናታችሁ ወይም አባታችሁ ፊታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ የዳሰሱት መቼ ነው? የምታስታውሱ ከታች ጻፉልኝ። የማታስታውሱም ጻፉ... እናንተን ነው በተለይ የምጠብቀው።