የበቅሎዋን ሕመም የተሸከመች

እማማ አስካለ ወደ እንስሳት ሆስፒታሉ የገቡት ለመጠየቅ ሳይሆን ለመሳደብ ይመስል ነበር። እግሯ የተሰበረው በቅሏቸው ገብሷን ትቆረጥማለች፤ ነርሷ ውብርስት ግን ከበረቱ ጥግ ተኮራምታ ታቃስታለች። ሕጉ እንደዚያ ሆኗል፤ ሆስፒታል የተኛ እንስሳ እንዳይሠቃይ ሕመሙ ነርሷ እጇ ላይ በምታስረው አምባር ወደ እሷ ይተላለፋል። የሚሸከምለት ሰው ያጣ እንስሳ ደግሞ በመርፌ ይገደላል።

"ተምረሽ ተምረሽ የበቅሎ ሕመም ተሸካሚ ሆንሽ?" አሏት።

"እማማ፣ ትናንት ተረኛዋ ስለቀረች አምባሩን እንዳሰርኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ልጄ ጭኔ ላይ ልትቀመጥ ብትል ጮኽኩባት። ከእንግዲህ አልችልም፣ ላወልቀው ነው።"

"አውልቂዋ። እንዳንቺ ያለች ልፍስፍስ ለበቅሎዬ አትመጥናትም።" እጃቸውን ዘረጉላት። "እዚህ እሰሪው።"

"እርስዎ አይችሉትም።"

"ሰባት ልጅ አምጬ የወለድኩ ሴት ነኝ። የበቅሎ እግር ያስፈራኛል?"

አምባሩ ሲቆለፍ ግድግዳውን ይዘው እንደ ምንም ቆሙ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። በቅሎዋ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም።

"ይቺ ናት?" አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "ለዚህች ነው ያ ሁሉ ማቃሰት?"

ውብርስት ልትደግፋቸው ብትጠጋ በክርናቸው ገፏት።

"ሂጂ ወደ ቤትሽ። ፊቴን ምን ታዪብኛለሽ?"