ባለመስኮቷ አማካሪ ያልነገረችን

«ያንን ላውንደሪ ከገበያ ማስወጣት ነው የምፈልገው... እንዴት ላድርግ?»

ታላቅ እህቴ ይህን ያለችው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው... ያውም ድምጿን ሳትቀንስ።

የሚያነበው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«እመቤት፣ ቀስ! ሰው እያነበበ እኮ ነው» አላት መጽሐፍ የሚያውሰው ሠራተኛ።

«እኔም ኑሮዬን እያነበብኩ ነው» አለችው።

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከሥራ ከተባረረች ጀምሮ እንዲህ ናት... ቀልዱ ከአፏ ይወጣል፣ ፊቷ ግን አይነቃነቅም። አታለቅስም፣ አትቆጣም። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ምንም አይሰማኝም» ትለኛለች። በቃ።

እዚያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ትምህርቴን በልጅነቴ ስላቋረጥኩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን የኮምፒውተር ትምህርት ልጄን አዝዬ እከታተላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያው አዳራሽ፣ አነስተኛ ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ነፃ ምክር አለ። አማካሪዎቹ በፈቃዳቸው የሚመጡ ነጋዴዎች ናቸው።

አንድ ደንብ አላቸው... ደንበኛ እንዳይጎትቱ ስማቸውንም ድርጅታቸውንም አይናገሩም። ሰው የሚጠራቸው በሚቀመጡበት ቦታ ነው። ባለበሩ፣ ባለመደርደሪያው...

ለእኛ የደረሰችን ባለመስኮቷ ነበረች። ረጋ ያለች፣ ጎልማሳ ሴት።

«የትኛው ላውንደሪ ነው?» አለች።

«ከአደባባዩ በታች ያለው። ጓሮው ውስጥ ልብስ ስተኩስ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ልጄ ታሞብኝ አንድ ቀን ብቀር፣ ሥራ አስኪያጁ "ነገም አትምጪ" አለኝ።»

«እና አሁን?»

«ፊት ለፊቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ያለኝን ሁሉ እሷ ላይ ነው ያፈሰስኩት። ይሄ ካልሆነልኝ፣ እኔም ልጄም እዚችው እህቴ ቤት ሶፋ ላይ ተኝተን መቅረታችን ነው» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

ባለመስኮቷ እስክሪብቶዋን ከፈተች... ዘጋች።

ደግማ ከፈተች። እኔ ልጄን እያጠባሁ ከጎን አያታለሁ። «ይህቺ ሴትዮ ምን ነካት?» አልኩ በሆዴ።

ከዚያ እንዲህ አለች...

«እነሱ የሚከፍቱት ሰው ሥራ ከገባ በኋላ ነው። አንቺ ሰው ሥራ ሳይገባ ክፈቺ። ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ ሲመጣላቸው እንደተበጠሰ ነው የሚመልሱት፤ አንቺ ሰፍተሽ መልሺ። እጥበቱን ለጊዜው ተዪው፣ ማሽን ውድ ነው። በመተኮስ ጀምሪ።»

«ውይ፣ እርስዎም ደንበኛቸው ነዎት እንዴ? ጉዳቸውን አንድ በአንድ ያውቁታል!»

«አውቃቸዋለሁ» አለች... ባጭሩ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሄድን። ዋጋ አወጣጥ አስተማረቻት። ማስታወቂያውን እኔ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሠራሁት፣ እዚያው አተምነው።

ክፍሏ ተከፈተች... ሰውም መጣ። ወደ ሥራ የሚሮጠው ሁሉ ሸሚዙን ጥሎ፣ የትናንቱን ይዞ ይሄዳል።

የእህቴ ፊት ግን ያው ነው።

«እትዬ፣ ደስ አይልም?»

«ይላል መሰለኝ» አለችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት የላውንደሪው የብረት መዝጊያ ሲንጓጓ ሰማን። ያለ ሰዓቱ ነው።

ቀና ስንል፣ መዝጊያውን በገዛ እጇ ወደ ላይ የምትገፋው...

ባለመስኮቷ ነበረች!

እህቴ መተኮሻውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እትዬ፣ ሸሚዙ!» ብዬ ጮህኩ።

መተኮሻውን አነሳችና መንገዱን ተሻገረች። እኔም ልጄን አቅፌ ተከተልኳት።

«እርስዎ... እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«የላውንደሪው ባለቤት እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ ሁለት ሱቆች ስላሉኝ፣ ይሄኛውን ለሥራ አስኪያጁ ትቼለት ነበር፤ ጓሮውን ረግጬውም አላውቅ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደንቡን ታውቂው የለ።»

«እሺ፣ "ሌላ ሰፈር ሞክሪ" ብለው ቢሸኙኝስ? አምኜዎት እሄድ ነበር እኮ!»

«አፌ ላይ ደርሶ ነበር...» አለች ሴትዮዋ። «ግን ሥራ አስኪያጁ ደውሎ "አንዷን ቀነስኩ" ሲለኝ "እሺ" ብዬ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማን ናት? ምን አጠፋች? አላልኩም። አንቺ ፊቴ ቁጭ ብለሽ ስትናገሪ ነው "አንዷ" ማን እንደሆነች ያየሁት። በዚያ ላይ ደግሞ ልዋሽሽ?»

እህቴ በሴትዮዋ ትከሻ በላይ ወደ ባዶው መደርደሪያ አየች።

«ደንበኛዎ ቀነሰ?»

«በጣም።»

«ይ... ይቅርታ» አለች እህቴ።

«ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝስ እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁንም አሰናብቼዋለሁ። ግን እንዳትሞኚ! ቅዳሜ አማካሪሽ ነኝ። በሌላው ቀን ግን ተፎካካሪሽ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ካንቺ ቀድሜ ነው የምከፍተው።»

አልተቃቀፉም። አልተላቀሱም። እህቴ ዞር ብላ መንገዱን ተሻገረች።

ክፍሏ ስንደርስ ቆም አለች።

«ሰማሻት አይደል? ከእኔ ቀድማ! ... እኔን! እስቲ እናያታለና!»

ጉንጯ ቀልቶ፣ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እልህ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ እህቴ አንድ ነገር ተሰማት...

ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ይህን ነው። ምንም የማናጣበትን እውነት መናገር ለሁላችንም ቀላል ነው። የሰው ደግነት የሚለየው እውነቱ የራሱን ኪስ ሲነካ ነው። ያቺ ሴት የበደለቻትን ሰው በምጽዋት አልካሰቻትም... ራሷን የሚያሸንፍ ምክር ሰጥታ ነው የካሰቻት።

እናንተስ? በባለመስኮቷ ወንበር ተቀምጣችሁ ቢሆን እውነተኛውን ምክር ትሰጧት ነበር ወይስ «ሌላ ሰፈር ሞክሪ» ብላችሁ ትሸኟት ነበር?

ለመመስገን ብላችሁ ሳይሆን የእውነታችሁን ጻፉልኝ... አነባለሁ።