የማይደርቀው ኮንክሪት

የኮንክሪት ሚክሰር መኪና ሹፌሩ ያን ቀን ኮንክሪት እንደጫነ እናቱ ቤት ጎራ ብሎ ምሳ በላ። ከወሬው ነቅቶ ሰዓቱን ሲያይ ጭነቱ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። ኮንክሪቱ መኪናው ላይ በሚዞረው በርሜል ውስጥ እንዳይደርቅበት ደንግጦ፣ መድረቁን የሚያዘገየውን ኬሚካል በአንድ ጣሳ ፋንታ ጀሪካኑን ሙሉ ገለበጠበት። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ስድስት ቀን አለፈ። አሥራ አንዱ የመሠረት ጉድጓድ እንደ አለት ጠጠረ፤ የእሱ ጭነት የተሞላበት አሥራ ሁለተኛው ግን አሁንም ጣት ያስገባል። ፎርማኑ አስጠራውና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

«ሾርባ እንኳ ቢሆን እስካሁን ይረጋ ነበር እኮ!» አለ ፎርማኑ። «ማደባለቂያ ጣቢያው ላይ ያለው ኬሚካል መዛኝ አብዝቶ ነው ተብሎ ዛሬ ሊባረር ነው፤ የአራት ልጆች አባት። መንገድ ላይ አንተ የጨመርከው ነገር አለ እንዴ?»

ሹፌሩ መዛኙን ያውቀዋል። ሁልጊዜ ጠዋት ከጣቢያው በር «በሰላም ግባ፣ ወንድም ጋሼ» ብሎ የሚሸኘው እሱ ነው።

«ኧረ ምንም አልጨመርኩም።»

ይህን እንዳለ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ኮንክሪት ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ጠጠሩ እየተንኳኳ፣ እርስ በርሱ እየተፋጨ፣ ልክ በርሜል ውስጥ እንዳለ አንድ ዙር ዞረና ሁለተኛውን ቀጠለ።

ፎርማኑ ዓይኑን ከጉድጓዱ ሳይነቅል፣ «መኪናህን አጥፍተሃል?» አለው በሹክሹክታ።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።»