ሽጉጡ ደህና ቦታ ነው

ሆቴሉ ከልደታ ፍርድ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ስሙ ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚል አለበት፤ ከወልቂጤ ርቆ የመጣ እንግዳ ግን አስተናግዶ አያውቅም። አዳሪዎቹ ባለጉዳዮች ናቸው። በቀጠሮ ይመጣሉ፣ ሌላ ቀጠሮ ይዘው ይመለሳሉ። ፍትሕ ቢፋጠን ኖሮ ሆቴሉ በወሩ በተዘጋ ነበር።

እንግዳ ተቀባይዋ ሩሃማ ከሥራዋ ሁሉ የምትኮራው በመሣሪያ መዝገቧ ነው። ባለቤቱ አቶ ሙኒር ባወጡት ደንብ ማንም ሰው ሽጉጥ ይዞ ክፍሉ አይገባም። እንግዳው ራሱ ጥይቱን ያወጣል፤ ጥይቱ በፖስታ ታሽጎ መሳቢያ ውስጥ፣ ሽጉጡ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ቀን፣ ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ሲያስረክብ ፊርማ፣ ሲረከብ ፊርማ። በዚህ አገር ብዙ ሰነድ ጠፍቷል፣ ብዙም ተቃጥሏል፤ ከሩሃማ መዝገብ ግን አንዲት ፊርማ ጎድላ አታውቅም።

አቶ ገብረጊዮርጊስ አራት ዓመት ሙሉ ተመላልሰዋል። ስልሳን የተሻገሩ፣ ካፖርታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ሽጉጣቸው አሮጌ ነው፤ የቆዳ ማኅደሩ ጠርዝ አልቋል። በመጀመሪያው ቀን የፈቃድ ወረቀቱን ስታየው ፎቶው ከሰውየው ይልቅ ያረጀ መስሏት ነበር። መታወቂያ ላይ ግን ሰው ሁሉ ወይ ሟች ወይ ተፈላጊ ነው የሚመስለው። ቁጥሩን ገልብጣ አለፈች።

«ቤት ትተውት ቢመጡ አይሻልም?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ማንን አምኜ? እህቴ አጠገቤ ናት። አጥራችን እንደሆነ ለይስሙላ ነው።» ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ይህን መዝገብ ማን ያየዋል?»

«እኔና አቶ ሙኒር ብቻ።»

«ደግ» ብለው ፈረሙ።

የሚካሰሱት ከዚህችው እህታቸው ጋር መሆኑን ለሩሃማ የነገራት የበሩ ጥበቃ ቶኩማ ነው። የአባት ውርስ ነው አላት። መሬት መሆኑን ራሷ ጨመረችበት፤ ልደታ ድረስ የሚያካስስ ሌላ ምን አለ? እህትየዋንም ከመንገዱ ማዶ፣ ታክሲ መጠበቂያው ላይ አሳያት። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ፣ ወረቀት የሞላበት ፌስታል በደረታቸው ያቀፉ።

አቶ ገብረጊዮርጊስ ከየቀጠሮው ሲመለሱ ፊታቸው ይከብዳል። ሻይ አዝዘው ሳይጠጡት ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ ለማንም ሳይሆን ለብርጭቆው «በቁሜ ለሴት አላስረክብም» አሉት። ሩሃማ ሰማች። ከዚያ ቀን ወዲህ የካዝናውን ቁልፍ ከአንገቷ አላወለቀችም።

ለውሳኔ በተቀጠረበት ቀን ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ፣ አቶ ገብረጊዮርጊስ መጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፉ።

«ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ሽጉጤን አዘጋጂልኝ። ጥይቱንም። የወልቂጤው መኪና እንዳያመልጠኝ።»

«ጉዳይዎ አለቀ እንዴ ጋሼ?»

«ነገ ያልቃል። ከነገ ወዲያ ያቺ ሴትዮ አትጠይቀኝም።»

ሩሃማ ሮጣ ለአቶ ሙኒር ነገረች። እሳቸውም ከስልካቸው ቀና ሳይሉ የሆቴሉ ኃላፊነት ሰውየው ሲፈርም እንደሚያበቃ አስረዷት፤ ከካዝናው ከወጣ በኋላ የሚሞት ሰው በደንቡ የለም። ከዚያ ቀና አሉና የእንግዳ ምሥጢር ከዚህ በር ከወጣ እሷም አብራ እንደምትወጣ ጨመሩ።

ይህን ደመወዝ የሚጠብቁ እናት አሏት። ቢሆንም መዝገቡን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች፤ ያለ ማስረጃ ማን ያምናታል?

ወይዘሮ ወለተሥላሴን ልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከዚያ ሆቴል ነኝ። ነገ ፍርድ ቤት አይሂዱ። ወንድምዎ ሽጉጥ አላቸው።»

ሴትዮዋ አልጮኹም። ከፌስታላቸው መነጽር አወጡ።

«የት ነው ያለው?»

«አይስጉ፣ እኛ ጋ ካዝና ውስጥ ነው። ደህና ቦታ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ገጹን አንድ በአንድ ገለጡት። ሠላሳ አንድ ጊዜ ገብቷል፣ ሠላሳ ጊዜ ወጥቷል። ጣታቸው የፈቃድ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እንባቸው ወረደ። ሩሃማ እጃቸውን ያዘች፤ ሞትን ያህል ነገር ከገዛ ወንድም ሲመጣ እንዴት አያስለቅስ?

«ልጄ፣ ነገ ይህን መዝገብ ይዘሽ ትመጪልኛለሽ?»

«ከሥራ ያስወጡኛል፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

ሩሃማ መዝገቡን በነጠላዋ መልሳ ጠቀለለችና እመጣለሁ አለች። የሰው ነፍስ ነው።

በማግሥቱ ዳኛው ውሳኔውን ሊያነቡ ሲሉ የወይዘሮ ወለተሥላሴ ጠበቃ ተነሥተው አዲስ ማስረጃ መገኘቱን አመለከቱ። ሩሃማ ተጠርታ ቆመች። አቶ ገብረጊዮርጊስ የመዝገቡን ሰማያዊ ሽፋን ሲያዩ ቀስ ብለው ካፖርታቸውን አወለቁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሲያወልቁ ያየቻቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልትናገረው ያዘጋጀችውን በልቧ ደገመችው፤ ብርጭቆውን፣ ስምንት ሰዓትን፣ «አትጠይቀኝም» ያሉትን።

ዳኛው ስለ ዛቻ አንድም ነገር አልጠየቋትም። የፈቃድ ቁጥሩን ከከሳሿ ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ወረቀት ጋር አስተያዩና አቶ ገብረጊዮርጊስ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የሰጡትን ቃል ከፋይሉ አውጥተው አነበቡ፦

«አባታችን ለእህቴ የተናዘዘላትን ሽጉጥ ከቀብሩ ቀን ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም።»