አንገት ላይ የዋለ ጥለት

አለቃ ገብረየሱስ የጠለፍሁትን መቀነት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንደ ሞተ አይጥ ለእመት ውብአለም ያሳያታል።

«ይዩልኝ እመቤቴ፣ ተማሪዬ እሸቴ ያመጣውን ጉድ! ጋፋት ወርዶ የቀጥቃጭ እሳት ሲፈናጠር አይቶ ነው የጠለፈው። ሙሽራይቱን ቡዳ ሊያስበላት!»

ይስቃል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ካልሁት ቆይቻለሁ። ዕድሜ ልኩን አንዲት መስቀል ሲጠልፍ የኖረ ሰው ነው። ለሙሽራም ያችው መስቀል፣ ለሽማግሌም ያችው መስቀል። በደብረ ታቦር ጥልፍ የለበሰ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ የሚመስለው በእሱ ምክንያት ነው።

እመት ውብአለም የልጇን የሰርግ ልብስ የምታሠራው ዛሬ ሥራውን አይታ በምትመርጠው እጅ ነው። የእኔን ካልወደደች አለቃ መርፌውን ነጥቆ ወደ አባቴ ሞፈር ሊሰደኝ ምሏል።

ዓመቱን ሙሉ የተንከራተትሁት ለዚህ ነበር። ይፋግ ገበያ ቀይ ጨርቅ ገዝቼ ለጥለት የሚሆነውን ክር እየተረተርሁ አውጥቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴውን ትቼ ግድግዳው ላይ የተሣሉትን መላእክት ልብስ ሳጠና ውያለሁ። ሰው የሚለብሰውንማ ምን ብዬ አየዋለሁ? ከላይ ነጭ፣ ከግርጌ ቀይ ጥለት፣ አለቀ። በግ እንኳ ከዚህ የተሻለ መልክ አለው።

«ቀሚሱስ?» ይላል አለቃ።

«ለአዝማሪ ይሆናል» ትላለች፤ ዓይኗን ከቀለበቶቿ አታነሣም።

እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ላስውብ የምደክመው! ወንድሟ እብናት በኩል ሸፍቶ ተያዘና በሰኔ ተሰቀለ። የሰቀለው ደጃዝማች ደግሞ አሁን ልጇን ለልጁ ይድራል። ለሽፍታ ያለቀሰ ሽፍታ ነው ተብሎ ስለታወጀ አንዲት እንባ አላወጣችም። ከወንድሟ ቀለበቷ ይበልጥባታል፣ ይላል አገሩ። እኔም እላለሁ። እንዳታለቅስ እንዲጠብቃት ደጃዝማቹ የላከው ወታደር እንኳ ሰልችቶት ደጃፉ ላይ ጋሻውን ተደግፎ ያንቀላፋል።

የቀረኝ ኩታው ነው። እንደ ሌላው ኩታ ወዲህ ወዲያ የሚጣፋ አይደለም፤ ትከሻውን ሰፍቼ አንገት አውጥቼለታለሁ። ሰፊው ቀይ ጥለት እንደ መላእክቱ አንገት ዙሪያ ይውላል። ታቹ ነጭ ነው። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራው በእሱ ነው።

አለቃ ይዘረጋዋል። ሳቁ ይቆማል።

«አንተ ከብት! ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ የሚለብስ ማን ነው? ሐዘንተኛ አይደለም? ጭራሽ እንዳይገለበጥ ሰፍተኸዋል! ለሰርግ የለቅሶ ልብስ?»

እውነቱን ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ ራሴ ጋቢዬን አዘቅዝቄ ውያለሁ። የሰውን አለባበስ እየናቅሁ ሰው እንዴት እንደሚያዝን ረሳሁት። ከእኔ ይልቅ የአባቴ በሬ ያውቃል።

«አምጣው እስቲ» ትላለች እመት ውብአለም።

«ይተዉት እመቤቴ፣ ነውር ነው...»

«ዝም በሉ አለቃ።»

ተነሥታ ትለብሰዋለች። እጇ ቀዩ ላይ ያርፋል፣ እዚያው ይቀራል። ጨርቁን ወደ ፊቷ ታስጠጋና ዓይኖቿን ትጨፍናለች። ከዚያ ሰብሰብ ብላ ወደ ደጃፉ ትሄድና ወታደሩን በእግሯ ነካ ታደርገዋለች።

«እንዴት ነው?»

ወታደሩ ዓይኑን እያሸ ከላይ እስከ ታች ያያታል። ዓይኑ አንገቷ ላይ ሲደርስ ግንባሩ ይቋጠራል።

«እመቤቴ፣ ጥለቱ ምነው ወደ ላይ...»

ወደ እኔ ትዞራለች። «አንተ፣ ይህን ከየት አየኸው?»

«ከ... ከቤተ ክርስቲያን፣ እመቤቴ። የመላእክቱ ልብስ ነው።»

«ሰማህ?» ትለዋለች ወታደሩን።

ወታደሩ ያማትባል። «ያምራል» ይላል።

ተመልሳ ፊቴ ትቆማለች። ጥልፉን አሁንም አላየችውም፤ ስንት ሌሊት እንደፈጀሁበት አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም።

«ለልጄ እንዲሁ አድርገህ ሥራ። ለእኔም፣ ለእህቶቼም፣ ለአጃቢው ሁሉ። ሰርጉ ላይ ሌላ ልብስ እንዳላይ።»

«እሺ እመቤቴ።»

ለመሄድ ትዞርና ትቆማለች። ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ወታደሩ እንዲሰማ።

«ለደጃዝማቹም አንድ፣ ከእኔ የሚሰጥ ስጦታ። የእሳቸውን ጥለት ሰፋ አድርገው።»

አለቃ ገብረየሱስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቀዩን ጨርቅ መተርተር ይጀምራል።