ፕሮግራሙ የጣላቸው ስድስት ፎቶዎች

ኮከብ ቆጣሪው ከቤታቸው ሰገነት ላይ ወድቆ ከሞተ አራት ወር አለፈው። ኮከብ ቆጣሪ ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው እንጂ እሱ የማንንም ዕድል ተናግሮ አያውቅም፤ የሚከታተለው ጋላክሲ ነበር። የሚያነሳበትንም ዕቃ ራሱ ነው የገጣጠመው፦ ያገለገለ ካሜራ፣ በበር ማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ጣውላዎች፣ ከተበላሸ ፕሪንተር የወጣች ትንሽ ሞተር። ሞተሯ ጣውላውን ቀስ እያደረገች ካሜራውን ከከዋክብቱ ጋር ታዞረዋለች። ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊዋ «ይሄ ነገር የዶሮ ቤት በር ነው የሚመስለው» እያለች ትስቅበት ነበር።

አሁን የሚስቅ የለም። ሲሞት ከሥራ ከተቀነሰ ሁለት ወሩ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ይውል ነበር። የሰገነቱ ግንብ ወገብ ይደርሳል፤ ግንቡ ሥር ደግሞ የፕላስቲክ ወንበሩ ተጠግቶ ተገኘ። የመጣው ፖሊስ ወንበሩን አየ፣ ግንቡን አየ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዋን በሐዘኔታ አያት። ሰፈሩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወዶ ነው የዘለለው» አለ።

እናትየው ምሳ መብላቷን ትረሳለች፤ አንዳንዴም ልጇን በእህቷ ስም ትጠራታለች። አንድ ነገር ብቻ አንድ ቀን እንኳ አልረሳችም።

«ልጄ፣ ወዶ ነው ወይስ ሳያስበው?»

«ሳያስበው ነው፣ እማዬ።»

«በምን አወቅሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። እናት ታለቅሳለች፣ ይደክማታል፣ ትተኛለች፤ በማግስቱ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። የለቅሶው ሰሞን ክንዷ በልዞ ነበር። ለቀስተኞቹ ሲደግፏት አጥብቀው ይዘዋት ይሆናል ብላ ልብስ ሰፊዋ ቅባት ቀባቻት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱም ቤት አልሆነም። ሊነጋጋ ሲል ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ ሲንቋቋ ይሰማል። ባዶ እግር ነው። ወንድሟ እናቱን እንዳይቀሰቅስ ጫማውን አውልቆ ነበር የሚወጣው። ልብስ ሰፊዋ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች እንጂ ወጥታ አታይም። ራሱን ያጠፋ ሰው ነፍሱ አታርፍም ሲባል ሰምታለች። ትፈራለች፤ በእጇ ያሳደገችውን ልጅ በመፍራቷ ደግሞ ታፍራለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆረጠች። ፖሊስ የመለሰላትን የካሜራ ካርድ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ አወጣችና የወንድሟን ጓደኛ፣ ኤሌክትሪሺያኑን፣ አስጠራችው። ላፕቶፑን ይዞ መጣ። እናትየውም ግድግዳ ይዛ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሦስት መቶ አሥር ፎቶ አለ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «እሱ ከወደቀ በኋላም ካሜራው ባትሪው እስኪያልቅ ማንሳቱን አላቆመም።»

ዕቃው እንኳ እየጠበቀው ነበር።

«አንዱ ፎቶ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ አንዱ ለብቻው ምንም አያሳይም። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ይደራርባቸውና ነው ነገር የሚወጣው።»

«መሐል ላይ ሰው ቢገባበትስ?»

«ያን ፎቶ ለይቶ ይጥለዋል። ሰውም ይሁን አውሮፕላን፣ አላፊ ነገር አይወድም። እስከ መጨረሻው የቆየውን ብቻ ነው የሚይዘው።»

ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል አጓራ። ከዚያ ጋላክሲው ወጣ፤ ከግንቡ ጥቁር ጫፍ በላይ የጣት አሻራ የምታህል ጭጋግ፣ መሐሏ የሚያበራ።

«ውይ፣ ሲያምር!» አለች እናት። «ይህን ሊያይ ነው እንዴ የሚወጣው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይህን እያየ ለምን ይሞትብኛል?»

ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ነጠላ አስተካከለችላት። ኤሌክትሪሺያኑ ወደ ላፕቶፑ ዞረ።

«ስድስት ፎቶ ጥሏል» አለ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብሎ። «እትዬ፣ ይቅርብሽ። እንቅልፍ ያሳጣሻል።»

«እንቅልፉንማ ካጣሁት ቆየሁ። ክፈተው።»

በልቧ ወስናለች። ወንድሟን ወንበር ላይ ወጥቶ ካየችው ዋሽታ «ተንሸራቶ ነው» ትላለች፤ ኤሌክትሪሺያኑንም ታስምለዋለች። እናቷ በቀራት ዕድሜ በዚህ መቃጠል የለባትም። እሷ ለብቻዋ ብትቃጠል ይሻላል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ነው። ሁለተኛውም አውሮፕላን። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ደመና ገብቷል። ልብስ ሰፊዋ ተነፈሰች። አምስተኛው ሲከፈት ኤሌክትሪሺያኑ እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ፤ ስድስተኛውን ራሷ ልብስ ሰፊዋ ነካችው። ሥዕሉ ደብዝዟል፤ ሰው ግን ከቁመናው ይታወቃል። ወደ አምስተኛው ተመለሰች፣ ደግሞ ወደ ስድስተኛው።

«እኔ ዓይኔ አያይልኝም» አለች እናት፣ የልጇን ትከሻ ይዛ። «ንገሪኝ እንጂ። ብቻውን ነበር?»

በአምስተኛው ፎቶ ላይ እናቷ በነጭ የሌሊት ልብሷ ግንቡ ላይ ቆማለች፣ ወንድሟም ግንቡ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ ይጎትታታል፤ በስድስተኛው ላይ ከግንቡ ወዲህ የቆመችው እናቷ ብቻ ናት።